በመዝገቡ ላይ ያለው ከማል

ልጅ እያለሁ ቀኝ እጄ በአናቴ ላይ ዞሮ ግራ ጆሮዬን ይነካ ነበር። ትምህርት ቤት ለመግባት የሚጠየቀው ይኸው ነው፤ የልደት ካርድ ማን ያውቅ ነበር? የኔ ዘመን ሰዎች ታስታውሳላችሁ። በቡታጅራ ገበያ ቀን፣ አህያ የተጫነው በርበሬ እያስነጠሰን፣ አባቴ እኔንና ታናሼን ሸምሱን ይዞ ተሰለፈ። እኔ ነካሁ፤ መምህሩ «ከማል» ብሎ ጻፈኝ። የሸምሱ ጣት ሳይደርስ ቀረ። አለቀሰ፤ ሳቅሁበት።

ቤት ስንገባ አባቴ ፈረደ። «አንተ ጠንካራ ነህ፣ ለበርበሬው ታስፈልገኛለህ። እሱ ይማር።»

«ስሙ አልተጻፈማ!»

«ያንተ ተጽፏል አይደል?»

በቃ። ሰኞ ሸምሱ በኔ ስም ገባ። ያን ሁሉ ልጅ የመዘገበ መምህር የማንን ፊት ያስታውሳል? በርበሬ ጭኜ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሳልፍ «ከማል!» ሲባል፣ «አቤት!» የሚለው እሱ ነበር። አንዳንዴ እኔም ከውጭ «አቤት» እል ነበር።

ሸምሱ ወልቂጤ ላይ «መምህር ከማል» ተብሎ ጡረታ ወጣ። እኔ በርበሬ እየሸጥኩ፣ በአውራ ጣቴ እየፈረምኩ አረጀሁ። ፊደል የቆጠርኩት የልጅ ልጆቼ እየሳቁብኝ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው።

ባለፈው ሳምንት ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ቤት ሄድኩ። አልደብቅም፤ ስሜን ላስመልስ ነው የሄድኩት። የስድስተኛ ክፍል ማስረጃ በስሜ አስጽፌ ግድግዳዬ ላይ ልሰቅል፤ ሸምሱ መጥቶ እንዲያየው።

መዝገብ ቤት የምትሠራው ልጅ ጠርዙን አይጥ የበላው መዝገብ አወረደች። «ጋሼ፣ ልፈልግልዎት?»

«ተይው፣ አነባለሁ።»

በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። ከማል። አጠገቡ «ጆሮውን ይነካል» ይላል። ቀጥሎ እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ፦ አንደኛ፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ አንደኛ፣ አንደኛ፣ አንደኛ። የቀረበት ቀን የሚሞላበት ቦታ ግን ሁሌም ባዶ ነው። እሱን ሳይ እጄ ቆመ። ሸምሱ ወባ ይዞት እየተንቀጠቀጠ ሲወጣ፣ «ተኛ እንጂ፣ አንተ ሞኝ!» ስለው፣ «ስምህን ቀሪ አላስብለውም» ይለኝ ነበር። ሲያሾፍብኝ ይመስለኝ ነበር።

«ውይ ጋሼ፣ ጎበዝ ነበሩ እኮ! ማስረጃ ልጻፍልዎት?» እስክሪብቶ አነሳች።

«አይ ልጄ፣ ጎበዙ ወንድሜ ነው። የኔ ጆሮዋ ብቻ ነች።»

ግራ ገብቷት ሳቀች።

ዛሬ የልጅ ልጄ በልደት ካርድ ተመዝግባለች፤ ጆሮዋን ማንም አልጠየቃትም። ደግ ነው። አባቴን ይቅር ብያለሁ ብዬ አልዋሽም። ያን መዝገብ ያነበብኩት ግን እኔ ነኝ፤ ይህንንስ ማንም በስሜ አላነበበልኝም።

ከበሩ ወጥቼ ሸምሱ ጋ ደወልኩ። በኔ ስም ጠርቼው አላውቅም ነበር።

«መምህር ከማል!» አልኩት።



«አቤት!» አለኝ።