አስፋልት ላይ የተጣለ ቅጠል

በእኛ አገር አስፋልት ላይ እርጥብ ቅጠል ተጥሎ ካያችሁ ከፊታችሁ መኪና ተበላሽቶ ቆሟል ማለት ነው። ትራፊክ ፖሊስን የማይፈራ፣ የመንገድ ምልክት ዞር ብሎ የማያይ ሾፌር እንኳ ያንን ቅርንጫፍ ሲያይ እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሳል። ይህን ያወቅሁት ከወንድሜ ነው። የሚነዳት ሚኒባስ አሮጌ ናት፤ ሳትበላሽበት የምታልፍ ሳምንት የለችም። በተበላሸች ቁጥር ክሪክ ከማውጣቱ በፊት ወርዶ ቅጠል ይቆርጣል።

እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ። ሞጣ በአስተማሪነት ተመድቤ ስመጣ ወንድሜ ቢቸና ቀረ፤ ሥራው ግን ከቢቸና ሞጣ መመላለስ ስለሆነ በየቀኑ እንገናኛለን። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ትምህርት ቤታችን አስፋልቱ ዳር ነውና በበሩ ሲያልፍ ሁለቴ ክላክስ ያደርጋል። እኔም ጠመኔዬን እንደያዝኩ «ተመስገን፣ ደረሰ» እላለሁ። ተማሪዎቼ ከመልመዳቸው የተነሳ እየቀደሙኝ «ደረሰ!» ብለው ይጮሁ ነበር።

መንገዱ ተዘግቶ ከርሞ በተከፈተ ሰሞን ሾፌሩ ሁሉ የከረመበትን ለማካካስ መብረር ጀመረ። አይሱዙው፣ ሲኖትራኩ፣ ቅጥቅጡ፣ ማን ከማን ያንሳል! በዚያ ሰሞን አንዲት የአንደኛ ክፍል ተማሪዬ አስፋልቱን ስትሻገር ተገጭታ ሞተች። አንድ እግር ጫማዋን ከመንገዱ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ የሆንኩትን አልነግራችሁም፤ ብቻ በየቢሮው እየገባሁ የጮህኩትን ሰው ሁሉ ሰምቶታል።

ሁለት ሰዎች አብረውኝ ቆሙ። አንዱ ከበራችን ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጡት ሀጅ ናቸው፤ ሌላው ከደቡብ ተመድቦ የመጣ፣ በብስክሌት ሥራ የሚሄድ የጤና ባለሙያ። «ዶክተር» እንለዋለን፤ ዶክተር እንዳልሆነ ራሱ ቢነግረንም ማን ይሰማዋል! እሱም አንድ ቀን አይሱዙ ገፍቶት ከነብስክሌቱ ቦይ ውስጥ ገብቷል። ሀጅ ቢጫ ሰደርያ አሰፉልን። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ሰደርያችንን ለብሰን ልጆቹን እናሻግራለን፤ ማዘጋጃ ቤት እየሄድን ደግሞ ብሬከር ይሠራልን እንላለን። «እሺ፣ በጀት ሲለቀቅ» አሉን። እሺታቸውን ይዘን ተመለስን።

ብሬከሩ ሲዘገይ የቅጠሉን ነገር ያመጡት ሀጅ ናቸው። ሱቃቸው ደፍ ላይ ተቀምጠው፣ «ይኼ ሾፌር ለሰው ልጅ አይቆምም፤ ለተበላሸ መኪና ግን ይቆማል። ለምን ቅጠል አንጥልበትም?» አሉ። ዶክተር አጨበጨበ። ማታ ለወንድሜ በስልክ ብነግረው እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«አንቺማ አስተማሪ ሳትሆኚ ሽፍታ ነሽ፣ እታለም!» አለኝ። በማግስቱ ሚኒባሷ ጣሪያ፣ ፖርቶመጋላው ላይ የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ጭኖ መጣና ራሱ አራገፈልን።

ሠራ! መኪናው ሁሉ ቅጠሉን ሲያይ ቀስ ይላል፤ ሾፌሮቹ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው የተበላሸ መኪና ይፈልጋሉ። እኛም ልጆቹን እጅ ለእጅ አያያዝን እናሻግራለን። አንዱ ሾፌር አጠገቤ ሲደርስ «የታለ የተበላሸው?» ብሎ አንባረቀብኝ። «የተበላሸኸውስ አንተ ነህ፣ እለፍ!» አልኩት። ሀጅ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ወደ ሱቃቸው ገቡ። ወሬው ቢቸና ደረሰና እዚያ ያሉ መምህራንና ነጋዴዎች በገበያ ቀን እንደኛ ቅጠል መጣል ጀመሩ። ደብረ ወርቅም ቀጠለች። እውነቱን ልናገር፣ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ስደርስ ቅጠሉ ተጨፍልቆ አገኘሁት። ድሮ እንደተጣለ ይጠወልግና ጠርገን እናነሳው ነበር። በማግስቱም ተጨፍልቋል። እየዋለ እያደረ የተፈጨ የባህር ዛፍ ሽታ ከሩቅ ይቀበለኝ ጀመር። ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠነው ሽታ ነው እኮ፤ እኔ ግን አፍንጫዬን ይዤ አልፈው ጀመር። መኪኖቹም እንደ ድሮው ቀስ አይሉም። አንዳንዱ እንዲያውም ቅጠሉን ሲያይ ይብስበታል።

ወንድሜ አንድ ቀን ቆም አለና፣ «ሾፌሩ ነቅቶባችኋል፣ እታለም። መናኸሪያ ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ? ‹የአስተማሪዋ ቅጠል ነው፣ ርገጠው!›» አለኝ። ጥርሱ ይስቃል፣ ዓይኑ ግን አይስቅም።

«አንተስ ትረግጠዋለህ?»

«እኔማ እንዴት ብዬ! እጄ እምቢ ይለኛል።»

ያን ቀን ፍርሃት ገባኝ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ጠርቼ «ይቅርብን፣ ይኼ ነገር ደስ አላለኝም። ነገ እውነተኛ መኪና ቢበላሽ ማን ያምናል?» አልኳቸው።

«ብሬከሩ እስኪሠራ ብቻ» አለ ዶክተር።

«ልጄ፣ እስከዚያ አንድ ሕፃን እንኳ ብናተርፍበት» አሉ ሀጅ። እሳቸው ይህን ሲሉ ልጆቹ ቦርሳቸውን አዝለው አስፋልቱ ዳር ቆመው ይጠብቁን ነበር። ሰደርያዬን አጥልቄ ወደ እነሱ ሄድኩ። በማግስቱ ቅጠሉ አልታይ ብሎ ይሆናል ተባለና በእጥፍ ጨመርንበት።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ነው። ከሰዓት በኋላ ደመናው ወርዶ አስፋልቱ ላይ ተኝቷል፤ ያካፋል። ልጆቹን አሻግረን ጨርሰን ሀጅ ሱቅ በር ላይ ተጠልለናል። የወንድሜ ክላክስ አልተሰማም። ሁልጊዜ ልጆቹ ሳይበተኑ ነበር የሚያልፈው። ደወልኩለት።

«ጎማ ነው ባክሽ» አለኝ። «ከሞጣ መግቢያ ማዶ፣ ጥምዝምዙ ላይ ነኝ። ተሳፋሪውን በሌላ መኪና ሸኝቼዋለሁ።»

«ከመንገዱ ውጣ! አሁኑኑ ውጣ!»

«ኧረ ምን ያስጮህሻል? ቅጠል አድርጌያለሁ እኮ። ብዙ ነው ያደረግሁት።»

ሀጅ ፊቴን አይተው ብድግ አሉ።

«ስማኝ ወንድምዓለም፣ ቅጠሉን ተወው፤ በእናታችን አጥንት፣ ከመኪናው ራቅ!»

«እሺ፣ እሺ፣ አንቺ ደግሞ! አንድ ብሎን ነው የቀረኝ፤ አጥብቄ መጣሁ» አለና ዘጋው። ደግሜ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ፣ ደጋግሜ ደወልኩ። ዶክተር ባጃጅ አስቁሞ እጄን ይዞ አስገባኝ። ሀጅ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እያሉ ደጃፋቸው ላይ ቀሩ።

ባጃጁ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ። ጉሙ ከፊታችን ምንም አያሳይም። መጀመሪያ የደረሰን ሽታው ነው፤ የተፈጨ የባህር ዛፍ ሽታ። ዶክተርም አሸተተው መሰለኝ እጄን ጠበቅ አደረገው።

ሚኒባሷ ቦይ ውስጥ በጎኗ ተኝታለች። ራቅ ብሎ አንድ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። በአካባቢው ያሉ ገበሬዎች ተሰብስበዋል፤ አንዱ ጋቢውን አውልቆ መሬት ላይ ያለውን ነገር ሸፍኖታል። ዶክተር ሮጦ ሄዶ ጋቢውን ገለጥ አደረገና መልሶ ሸፈነው። እኔ ጮህኩ አሉ፤ እኔ ግን አልሰማሁትም። የማስታውሰው ቅጠሉን ነው። እውነቱን ነው፣ ብዙ ነበር ያደረገው። ከጥምዝምዙ ጀምሮ በየርቀቱ ጥሎታል፤ ሁሉም በጎማ ተጨፍልቆ አስፋልቱ ላይ ተለጥፏል።

የጭነት መኪናው ሾፌር መንገዱ ዳር ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል። ከገበሬዎቹ አንዱ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ «አንተ ሰው፣ ይኼን ሁሉ ቅጠል አላየህም?» ብለው ጮሁበት።

«አይቻለሁ አባቴ፣ እንዴት አላይም! አይቻለሁ!» አለ እያለቀሰ። «የነዚያ ልጅ የሚያሻግሩት ሰዎች ቅጠል መስሎኝ ነው።»

ይህን ብሎ ቀና ሲል ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። ቢጫውን ሰደርያ አላወለቅሁትም ነበር።