ጆሮዬን የሸፈንኩበት ጋቢ

የተያዝኩት አስኮ ፌርማታ ላይ ነው። ሁለት ፖሊሶች መጡና "አባባ፣ እዚህ ቆመው ሰዉን ምንድን ነው የሚጠይቁት?" አሉኝ።

"ወዴት እንደሚሄድ፣ መንገዱ እንዴት እንደሆነ።"

"ለማን?"

"ለራሴ።"

መልሴ አልጣማቸውም። እውነቱ ግን ይኸው ነበር። ዕድሜዬን በግንበኝነት የጨረስኩ፣ ፊደል በማታ ትምህርት የለቀምኩ ሰው ነኝ። ጉልበቴ እምቢ ሲል ልጄ ብሎግ የሚሉትን ነገር ስልኬ ላይ ከፈተችልኝ። በአውቶቡስ እየዞርኩ ያየሁትን እጽፋለሁ። ሽማግሌ አይለወጥም ይላሉ፤ እኔ ደግሞ አይሆንም የተባለውን ነው የምወደው። ግንበኛ ያዛል እንጂ አይሰማም፤ መስማት የተማርኩት መንገድ ላይ ነው። ከመያዜ በፊት የጻፍኩት ፍተሻ ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ስለዋሉ መንገደኞች ነበር። እሱ መሰለኝ ያስያዘኝ።

ኮልፌ ወዳለ ጣቢያ ወሰዱኝ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ እርጥብ ካልሲና ሽንት ይሸታል። እንደተቀመጥኩ፣ ልማድ ነውና፣ አጠገቤ ያለውን ጎልማሳ "አገርህ ወዴት ነው? በምን ያዙህ?" አልኩት።

ጎልማሳው የታክሲ ሾፌር ነበር። "አባባ፣ የሚጠይቀንማ ቢሮ ውስጥ ሞልቷል" አለኝ።

እስር ቤት ደንብ አለው። ከቤት የመጣውን ምግብ አምጪው በር ላይ ፖሊስ ፊት ይቀምሳል። ውስጥ ሲገባ ደግሞ የሁሉም አንድ ትሪ ላይ ተገልብጦ አብሮ ይበላል። ባለቤቴ ሽሮ ስታመጣ ሾፌሩ ሳህኔን ወደ እኔ ገፋው። "የእርስዎ ለብቻዎ ይሁን።" ግድግዳ እያየሁ በላሁ። እኔም በተራዬ ጠረጠርኳቸው። ለምርመራ ወጥቶ የቆየውን ሁሉ ጆሮ ጠቢው ይኼ ነው እላለሁ።

በማግስቱ መርማሪው ጠራኝ። ትሁት ሰው ነው፤ ወንበር ሳበልኝ።

"አባባ፣ የሰው ወሬ መጻፍ ይወዳሉ አይደል? ውስጥ የሚወራውን ይጻፉልን። ቤትዎ ይገባሉ።"

"እጄ ለጽሕፈት ቀርፋፋ ነው።"

"እንግዲያው በቃል ይንገሩን።"

"ምላሴ ከእጄ ይብሳል።"

"ያስቡበት" አለኝ። ፈገግታው አልጠፋም። እኔን የከበደኝ እሱ ነው።

ተመልሼ በሩ እንደተዘጋ፣ እንደቆምኩ ተናገርኩ። "የምታወሩትን ንገረን ብለውኛል። እኔ ፊት ምንም አታውሩ።"

አንዱ ሳቀ። "ጆሮ ጠቢ እንዲህ ብሎ አይናገርም።"

"ጎበዝ ጆሮ ጠቢ ነዋ እንዲህ የሚለው" አለ ሾፌሩ።

ምን ብዬ ልማል? ጋቢዬን አጥፌ ጆሮዬ ላይ ጠመጠምኩና ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ወሬ በተጀመረ ቁጥር እንደዚያው። ይሞቃል፤ ላቤ አንገቴ ላይ ይወርዳል። ለመስማት አገር የዞርኩት ሰውዬ ላለመስማት ታገልኩ።

መርማሪው ደግሞ አስጠራኝ። "ምን ሰሙ?"

"ጋቢ ተከናንቤ ነበር" አልኩት። ያን ቀን ወንበር አልሳበልኝም። ቤቴም አልገባሁም።

ሽሮው እንደገና የመጣ ዕለት አንድ እጅ ጋቢውን ከጆሮዬ ላይ ገለጥ አደረገው። ሾፌሩ ነው። ከሳህኔ ቆርሶ፣ በር ላይ እንደሚደረገው፣ ሁሉም እያዩት አኝኮ ዋጠ። ከዚያ የቀረውን ትሪው ላይ ገለበጠው።

"ቀምሼዋለሁ" አለ። "ይቅረቡ አባባ። ጨው ግን አንሶታል።"

"ይኼንንማ እናገርብሃለሁ፣ ለባለቤቴ" አልኩት።

በኋላ ተፈታሁ። ዛሬም እዞራለሁ፤ ዛሬም እጽፋለሁ። "አገርህ ወዴት ነው?" ስለው የሰዉ ዓይን ይሸሸኛል። አልፈርድበትም፣ የእኔም ዓይን ይሸሻል። ስለዚህ አስቀድሜ የራሴን እነግረዋለሁ።

እነዚያ አብረውኝ የታሰሩት ሰዎች ከሽሮው ቀን በኋላ ብዙ አጫወቱኝ። ልጄ "አባዬ፣ እሱን ጻፈው እንጂ" ትለኛለች። አልጻፍኩም። እዚህ ያለው የእኔ ነው። ሽሮው ብቻ የባለቤቴ ነው፤ ጨው እንዳነሰው ለመጻፍም አስፈቅጃታለሁ።