ተቆራርጦ የቆመው ፊት

ቤታችን ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ አምባሰል በሚወስደው አቀበት መነሻ ላይ ነው። የቴሌቪዥኑ ማሰራጫ ማማ ከደሴ በላይ ተራራ ላይ ቆሟል ይባላል እንጂ ከእኛ ደጅ አይታይም። መሐል ላይ ጉብታ አለ፣ ጉብታው ላይ ደግሞ ባሕር ዛፍ ተተክሏል። ስለዚህ በእኛ ሰፈር ቴሌቪዥን ለማየት አንድ ሰው ውጭ ቆሞ የአንቴናውን ምሰሶ ማዞር፣ ሌላው ቤት ውስጥ ሆኖ በመስኮት መጮህ ነበረበት። ውጭ የምቆመው እኔ ነበርኩ።

ማንም አስገድዶኝ አይደለም። ሰው በተሰበሰበበት መቀመጥ ይጨንቀኛል። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩትም በዚሁ ነው። ሰባተኛ ክፍል ከተማ ነበርና በማላውቃቸው ልጆች ፊት ስሜ ሲጠራ "አቤት" ማለት አቃተኝ። አባቴ ሁለት ጊዜ ወሰደኝ፣ ሁለት ጊዜም ተመለስኩ። ምሰሶው ሥር ግን ማንም አያየኝም።

በለውጡ ሰሞን ሰው ሁሉ ዜና ሲጠማው ቤታችን ይሞላ ነበር። የዚያን ጊዜው ስርጭት አሮጌው ነው። ስክሪኑ ላይ ጤፍ የተበተነ ይመስላል፣ ድምፁም ይንሿሿል። ቢሆንም የሚናገረው ሰው ፊት ከጤፉ ጀርባ አለ፤ ማን እንደሆነ ይለያል። በኋላ አባቴ ዓሣ ሊሸጥ ደሴ ሄዶ ሲመለስ አዲሱን፣ ዲጂታል የሚቀበለውን ሪሲቨር ይዞ መጣ። የገጠመልን ሰው ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመሮች አሳየኝ፤ አንዱ ጥንካሬ፣ ሌላው ጥራት ነው። "ጥንካሬው ቢሞላም ጥራቱ ከሌለ ምንም አታዩም" አለኝ።

እውነቱን ነበር። አዲሱ ስርጭት ሲመጣ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ይላል፣ ሲሄድ ከነአካቴው ይሄዳል። በመሐል ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ምስሉ ባለበት ይደርቅና በትንንሽ አራት ማዕዘን ይቆራረጣል፤ የአንዱ ሰው ዓይን የሌላው ትከሻ ላይ ይቀራል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ሲነሣ፣ ክረምት አልፎ ባሕር ዛፉ ቅጠል ሲያበዛ ይብስበታል።

"መጣ?" እላለሁ ከውጭ።

"አልመጣም። ትንሽ ወደ ግራ።"

"አሁንስ?"

"ኧረ አንቺ ልጅ፣ ሐይቁን አሻግረሽ ወረባቦ ልታደርሽው ነው። መልሺው።"

ቤቱ ይስቃል። እኔም ውጭ ሆኜ፣ ማንም ሳያየኝ እስቃለሁ።

ጦርነቱ ሲመጣ ሳቁ ቀረ። አጥራችንን ተደግፈው የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ይላቸዋል። እሳቸው እስላም ናቸው፣ እኛ ክርስቲያን ነን፤ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ እሳት የምንጫጫር ጎረቤቶች ነን። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ነበር።

እሱና እኔ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል። ግራኝ ነበር። ስንጽፍ ክርናችን ይጋጫል፤ ደብተሬ ላይ ከመስመር የወጣው ፊደል ሁሉ የእሱ ክርን ሥራ ነው። መምህሩ በቀኙ እንዲጽፍ ቀጥተው ቀጥተው ሲያቅታቸው ተዉት። ከሰው ጋር ማውራት የሚያስፈራኝ እኔ፣ ከእሱ ጋር ብቻ ሳላስበው አወራ ነበር።

እሱ ዘመተ። መጀመሪያ በየወሩ ይደውል ነበር፣ ክረምቱ ሲገባ ስልኩ ዝም አለ። በዚያን ወቅት አመሻሹ ላይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በቴሌቪዥን ከግንባር የተቀረጸ ፕሮግራም ይታያል። ወታደሮች ሲሰለፉ፣ ሲበሉ፣ ሲጨፍሩ ያሳያል። እትዬ የከሰዓቱን ሰላት ሰግደው ቁርበታቸውን ይዘው ይመጡና ከቴሌቪዥኑ ፊት ያነጥፋሉ። ዓይናቸውን ሞራ ጀምሮት ስለነበር አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ይደርሳል።

"እትዬ፣ ራቅ በሉ እንጂ፣ ለእኛም ይታየን" ይላቸዋል አባቴ።

"አንተ ምን አጣህ? ልጆችህን ለማየት ማጀት መግባት ነው።"



መስቀል አልፎ፣ አደይ አበባው ገና ሜዳው ላይ እያለ፣ አንድ ቀን ነፋስ ሆነ። እናቴ ለእንግዶቹ ውሃ አምጪ ስትለኝ ምሰሶውን በሁለት ድንጋይ አስደግፌ ገባሁ። ስክሪኑ ላይ ወታደሮች ዛፍ ሥር ክብ ሠርተው ድንች ይልጣሉ። ካሜራው ወደ አንዱ ቀረብ ሲል ውጭ ምሰሶው ሲንገጫገጭ ተሰማኝ፤ ምስሉም ደረቀ።

እትዬ መዳፋቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። "ይሄ ልጄ አይደለም?"

እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። "ነይ አንቺ፣ አብራችሁ ነው የተማራችሁት። የእኔ ዓይን ውሃ ሆኗል። እይልኝ፣ እሱ ነው?"

ግንባሩና ፀጉሩ የእሱን ይመስላል። የማንንም ሊመስል ይችላል። ከአፍንጫው በታች ያለው ተቆራርጦ የዛፍ ቅጠልና የደንብ ልብስ ተቀላቅሎበታል። እጁ ግን ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። ቢላዋውን የያዘው በቀኝ እጁ ነው።

ቤቱ ውስጥ ሰባት ስምንት ሰው ነበር፣ ሁሉም የሚያየው እኔን ነው። አይደለም ብል እንዴት አወቅሽ ይሉኛል። ስለ ግራኝነቱ፣ ስለ ዴስኩ፣ ስለ ክርኑ ልናገር ነው። ምሰሶውን ትቼ ባልገባ ኖሮ ምስሉ አይቆራረጥም ነበር የሚለውም ፊቴን አቃጠለው። አዎ ማለት ሁለት ፊደል ነው።

"አዎ" አልኩ።

ወዲያው ስክሪኑ ጨለመና ሲግናል የለም የሚል ጽሑፍ ወጣ። እትዬ ግንባሬን ስመው "አልሃምዱሊላህ፣ ወላሂ ዓይኔ አልዋሸኝም" አሉ። እናቴ እልል አለች።

ነገ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ ብዬ አደርኩ። በማግስቱ ስሄድ ለአረፋ ሊያደልቡት የገዙትን በግ ፈትተው ወደ ደጅ ሲያወጡት ደረስኩ፤ ሰደቃ ሊያበሉበት ነው። ሳልነግራቸው ተመለስኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ተጠራ። የእነሱን ሥጋ ስለማንበላ ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ዶሮ ለይተው ላኩልን፤ አባቴ አረደ፣ እናቴ ሠራች፣ እኔም በላሁ። ሽማግሌዎቹ ዱዓ ሲያደርጉ እትዬ ወደ እኔ እያመለከቱ "ለእሷም" አሉ። አንደኛው ሼህ እጃቸውን ዘርግተው "ልጁን ያየችውን ዓይን አላህ ይጠብቅላት" አሉ። እነሱ አሚን፣ የእኛ ሰዎች አሜን አሉ። እኔ ከሴቶቹ ኋላ ሆኜ መሬት መሬት አየሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ሄጃለሁ። በአንደኛው የልጃቸውን ጋቢ አጥበው አጥር ላይ አስጥተዋል። በሌላው አልጋውን በአዲስ ጠፍር ያስጠፍራሉ። ሁለቱንም ጊዜ ጨው ልበደር ነው የመጣሁት ብዬ ጨው ይዤ ተመለስኩ።

ጦርነቱ ወደ እኛ ሲቀርብ፣ የከባድ መሣሪያው ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ፣ አባቴ አምባሰል ደጋው ላይ ዘመዶቻችን ዘንድ ሊያወጣን ወሰነ። እትዬ አብረውን እንዲሄዱ ለመናቸው።

"ልጄ መጥቶ ቤቱ ተዘግቶ ቢያገኘው ወዴት ይሂድ?" አሉት።

"እትዬ፣ ወታደር እኮ ሲፈልግ ተነሥቶ አይመጣም። በሕይወት መቆየት ነው አሁን።"

"አብሽር አንተ። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ይህቺም አይታዋለች።"

አባቴ እኔን አየኝ፣ አግዢኝ እንደማለት። ጀሪካን በጀርባዬ፣ ጥቅል ልብስ በእጄ ይዤ ነበር። ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም። እሱ አልነበረም፣ አላየነውም፣ ኑ እንሂድ ብል ይመጡ ነበር ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ። ግን አባቴ ፊት፣ እናቴ ፊት፣ ዶሮውን አብረን በበላነው ሰዎች ፊት አፌ አልከፈት አለ። ብቻቸውን ትተናቸው አቀበቱን ወጣን። ደጋው ላይ በቆየንባቸው ሳምንታት ታች ተኩስ በተሰማ ቁጥር የማስበው እሳቸውን ነበር።

ስንመለስ በሕይወት አገኘናቸው። በራቸው ተገንጥሏል፣ ዕቃቸው የለም፤ ቆሎና ውሃ ይዘው ነው የከረሙት። የእኛም ቴሌቪዥን የለም፤ ማን እንደወሰደው አላወቅንም። ምሰሶው ለማገዶ ተቆርጧል። እትዬ ሲያቅፉን መጀመሪያ የጠየቁት "መንገድ ላይ አላያችሁትም?" ብለው ነው።

ጥቂት ቆይቶ አንድ በምርኩዝ የሚሄድ ወታደር የአባቴን ቤት ጠይቆ መጣ፤ ከልጃቸው ጋር አንድ ምሽግ የነበረ ነው። አባቴ ከሰማው በኋላ ሽማግሌ ሰብስቦ ማለዳ፣ ሳይነጋጋ፣ ወደ እትዬ ደጅ ሄደ። መርዶው ሲነገር ጩኸታቸውን ከቤታችን ሆኜ ሰማሁ።

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሲሳሳ እትዬ ጠየቁ። "ነሐሴ ላይ ነው ያላችሁኝ? እኔ እኮ ያየሁት ከመስቀል በኋላ ነው።"

ሰዎቹ ተያዩ። አባቴ እንዲህ አላቸው፤ "እትዬ፣ ቴሌቪዥን እኮ የቆየውንም ያሳያል። ቀደም ብሎ የተነሣ ይሆናል።"

"እንዲያ ነው ለካ" አሉ። ሌሎቹም እውነት ነው፣ እንዲያ ነው አሉ። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ። የበጉን ሰደቃ ያበሉት ልጃቸው አፈር ከገባ ከወር በላይ ሆኖት ነው። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

አባቴ ዘንድሮ ያገለገለ ቴሌቪዥን ገዝቶ አዲስ ምሰሶ አቆምን። ምስል የመጣ ዕለት እትዬ ቁርበታቸውን ይዘው መጡ።

"የቆየውን የሚያሳዩ ከሆነ ይደግሙታል" አሉ። የልጃቸው የትምህርት ቤት ፎቶግራፍ ከዕቃው ጋር ተወስዷል፤ ሌላ መልኩ ያለበት ነገር የላቸውም። ከዚያም እኔን ጠሩኝ። "አንቺ ከእኔ ጋር ሁኚ። ምሰሶውን ሌላ ሰው ይያዘው። ሲመጣ የምትለዪልኝ አንቺ ነሽ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ምሰሶውን የያዘው ታናሽ ወንድሜ ከውጭ "መጣ?" እያለ ይጮኻል፣ እኔ ከውስጥ እመልሳለሁ። ልንገራቸው ብል የመጨረሻውን መልኩን ልወስድባቸው ነው። ዝም ብል ስክሪኑ ሥር ተቀምጠው ሊያረጁ ነው። ለእሳቸው አዝኜ ነው ዝም ያልኩት ለማለት እሞክራለሁ፤ ግን ራሴን አውቀዋለሁ፣ የፈራሁት ዛሬም እንደዚያ ቀን የሰው ዓይን ነው።

ባለፈው ሳምንት ነፋስ ሆኖ ምስሉ ሲደርቅ፣ እንዲመለስ ስንጠብቅ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ ጠየቁኝ።

"ያን ቀን ከስቶ ነበር እንዴ?"

"አልከሳም፣ እትዬ" አልኳቸው።

"እንግዲያው ደህና ይበላ ነበር" አሉና ቁርበታቸውን ወደ ስክሪኑ ጠጋ አደረጉ።