የንዝረቱ ምንጭ

ሠርክአዲስ እጅጉ እንጀራዋ ንዝረት ማደን ነው። ሲንጋፖር ውስጥ የኮምፒውተር ቺፕ የሚያመርቱ ማሽኖችን የምትነድፍ ሜካኒካል መሐንዲስ ናት፤ ማሽኑ ከጸጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ልክ እንኳ ከተንቀጠቀጠ ሥራው ሁሉ ገደል ይገባል። ለአዳዲስ መሐንዲሶች «የጠረጠራችሁትን ብቻ አትለኩ» ማለት ትወዳለች። መምከር መቼም ቀላል ነው።

በ2006 ዓ.ም. የነደፈችው ማሽን በሚፈተንበት ሳምንት፣ ታናሽ ወንድሟ ደስታው ከፍኖተ ሰላም ደወለ።

«እታለም፣ አባዬን ትንሽ አሟቸዋል። ብቅ ብትይ ጥሩ ነው።»

ትንሽ! ጎጃም ውስጥ «ትንሽ አሟቸዋል» ብለው ሰው ከባሕር ማዶ ከጠሩ፣ ነገሩ ትንሽ አይደለም። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛው ተደግፎ ነው። አባቷ አቶ እጅጉ ደግሞ ልባቸውን ካመማቸው ቆይቷል። እናቷ ወይዘሮ ቻይነሽ ግን ራስ ምታት እንኳ የማይደፍራቸው ብርቱ ሴት ስለሆኑ፣ ስለ እሳቸው ማንም ሰግቶ አያውቅም። ሠርክአዲስ ማሽኗን ለባልደረቦቿ ትታ ተነሣች።

ከባሕር ዳር በኮንትራት የያዘችው መኪና መራዊን ሲያልፍ ደወለች።

«አባዬን አቅርብልኝ!»

«ተኝተዋል» አለ ደስታው።

ጥቂት ቆይታ ስትደውል «ጠበል ሄደዋል» አላት። የተኛ ሰው ጠበል ሄደ!

ቡሬ ላይ የአክስቷ ልጅ መስከረም አስፋልት ዳር ቆማ ጠበቀቻት። አገላብጣ ሳመቻትና ፊቷን አዞረች።

«ደክሞሻል እኮ፣ ዛሬ እዚሁ እደሪ። ጠዋት አብረን እንሄዳለን።»

«አባዬ ሞተዋል በይኛ! ምን ታድበሰብሻለሽ?»

«በማርያም! አባትሽ አልሞቱም።»

መሐላውም አላሳመናትም። ሹፌሩን «ንዳው!» ስትለው መስከረም ሮጣ ገባች። ሠርክአዲስ የበቆሎውን ማሳ በመስኮት እያየች አባቷን በልቧ ቀበረቻቸው። ዓይናቸውን ሳላይ ቀረሁ እያለች ተንሰቀሰቀች።

ፍኖተ ሰላም ሲደርሱ በራቸው ላይ ሰው ተሰብስቧል። ከሰዉ መሃል አቶ እጅጉ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል። በእግራቸው!

«አባዬ!»

ሮጣ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ጉንጫቸውን ደጋግማ ሳመች።

«ገድለውዎት ነበር እኮ! እነዚህ ውሸታሞች ገድለውዎት ነበር!»

ማንም አልሳቀም። ደስታው ከኋላዋ መጥቶ ወገቧን ያዘ፤ መስከረም ክንዷን ጨበጠች። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። አሁን ገና አባቷን አየቻቸው፤ ራሳቸውን ተላጭተዋል፣ ጋቢያቸውንም እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀዋል።

እንግዳ ሲመጣ ከሁሉ ቀድመው ብቅ የሚሉት እናቷ ነበሩ። ያን ሁሉ ስልክ ስትደውል ስለ እሳቸው አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀችም።

«አባዬ» አለች፣ እጇን ከአንገታቸው ሳታነሣ፣ «እማዬስ?»