የአበዛሽ መቅዘፊያዎች

አበዛሽ ጂንካ ውስጥ አልጋና ቁምሳጥን የምትሠራ አናጢ ናት። ታናሽ ወንድሟ ጥላሁን ኦሞራቴ ወርዶ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ገባ። ከጀልባው ጋር የተሰጣቸው መቅዘፊያ ግን ትከሻ የሚያወልቅ ሆነባቸው።

«እታለም፣ አንቺ አናጢ አይደለሽ? ቀለል ያለ ሥሪልን እንጂ» አላት በስልክ። ቶሎ የሚያልቅ ሥራ መስሏት እሺ አለች።

የመጀመሪያውን ከባሕር ዛፍ ጠርባ በአይሱዙ ላከችለት። «ይከብዳል» አለ። ሁለተኛውን ከዋንዛ ሠራችው። ያ ደግሞ አንገቱ ላይ ተሰበረ።

«ምን አድርገህ ነው የሰበርከው?»

«ቀዝፌ ነዋ!»

«ድንጋይ መትተህበት ይሆናል።»

«እዚህ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ የታለ? ሁሉ ጭቃ ነው!»

አበዛሽን ያንገበገባት የእንጨቱ መሰበር ብቻ አልነበረም። ወንድሟ «ይከብዳል»፣ «አይመችም» ከማለት በቀር የቱ ጋ እንደሚከብድ፣ የትኛው እጁ ላይ እንደሚያመው አይነግራትም። ጂንካ ላይ ደግሞ መሞከሪያ ውሃ የላትም፤ የኔሪ ወንዝ በበጋ ከጉልበት አያልፍም። ስለዚህ መቅዘፊያውን በሁለት ዱካ ላይ አጋድማ፣ መሐሉ ላይ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ እያንጠለጠለች ምን ያህል እንደሚጎብጥ ታያለች። አልጋ ያዘዙ ደንበኞች እየመጡ ይህን አይተው እየተቆጡ ይመለሳሉ።

በመጨረሻ ሦስት ዓይነት መቅዘፊያ ሠርታ ራሷ ኦሞራቴ ወረደች። ወንዙ ሞልቶ ጀልባ አይወጣም አሏት። በጥላሁን የቆርቆሮ ቤት በሙቀት እየተቀቀለች ጠበቀች። ውሃው ሲጎድል ወንድሟን ከአንድ ዛፍ እስከ ሌላው ዛፍ፣ ወራጁን ውሃ እየተጋፋ በሦስቱም እንዲቀዝፍ አደረገችው።

«ሦስተኛው አይረባም» አለ እያለከለከ።

«ደክሞህ ነዋ! ነገ ከሦስተኛው ትጀምራለህ።»

በማግስቱ ከሦስተኛው ጀመረ፤ መጨረሻ የያዘውን አይረባም አለ። አበዛሽ ተናዳ መቅዘፊያውን ነጠቀችውና ራሷ ጀልባው ላይ ወጣች። ጀልባው እዚያው ዞረባት፤ ዳር የቆሙት ሳቁባት። ግን አልወረደችም። ጥቂት እንደቀዘፈች ወንድሟ መናገር ያቃተውን የገዛ እጇ አንጓ ነገራት፦ ክብደቱ ሁሉ ውሃ ውስጥ የሚገባው ጫፍ ላይ ነው። ከውሃ ሲያወጡት ነው የሚገድለው።

ጂንካ ተመልሳ ዘንጉን ከጠንካራው ባሕር ዛፍ፣ ጫፉን ከቀላሉ ዋንዛ አድርጋ በኮላ አጣብቃ ላከችለት። ኮላው የቤት ዕቃ ኮላ ነበር፤ ውሃ ውስጥ ሟሟ። ጫፉ ተላቆ ወደ ቱርካና ሐይቅ እንደ ሄደ ጥላሁን ሲነግራት ስልኩን ዘጋችበት። ለብዙ ቀን መቅዘፊያ የሚባል ነገር እንዲነሳባት አልፈለገችም።

እንደገና የጀመረችው እልህ ይዟት ነው። አሁን ከአንድ ወጥ ባሕር ዛፍ፣ ክብደቱ ወደ እጅ እንዲያደላ እጀታውን ወፍራም፣ ጫፉን ቀጭንና ጠባብ አድርጋ አወጣችው።

«እታለም፣ ይሄ ጥሩ ነው» አለ ጥላሁን።

«ጥሩ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ስንቀዝፍ ውለን ትከሻዬን አላመመኝም።»

አበዛሽ ዱካው ላይ ቁጭ አለች። ደስታዋ ግን አልቆየም። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጅሩ ለሁሉም ጀልባ መቅዘፊያ ሊያዝዝ ደወለላት።

«ጫፉን ግን ሰፋ አድርጊው። ይሄ የወጥ ማንኪያ ነው የሚመስለው።»

«አቶ ጅሩ፣ በጠባብነቱ እኮ ነው የቀለለው። እስቲ ቀዝፈው ይዩት።»

«ምን ያሳየኛል? ውሃ የሚገፋው ሰፊ ነው።»

ተከራከረች፣ ለመነች፤ አልሰማትም። በመጨረሻ እንደ ፍላጎቱ ሰፊ ሰፊውን ጠርባ ላከችለት። እጀታውን ግን ሳትነግረው አወፈረችው፤ ሸክሙን ትንሽ ቢያቀልላቸው ብላ። እስካሁን ማኅበሩ የሚያዝዘው ሰፊውን ነው። ጠባቡን የሚቀዝፍበት ጥላሁን ብቻ ነው፤ ጅሩም እሱን ባየ ቁጥር ይስቃል።