ሸክም እንቀንስላት ብለን የወረድንላት ፒክአፕ

የልጅ ልጆቼ «አያታችን እንዴት እንደሞተ ንገሪን» እያሉ ስለሚጠይቁኝ ነው ይህን የማስጽፈው። ጽሕፈቱ የእነሱ ነው፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ከድርቁ በኋላ ነው።

ያን ጊዜ ባለቤቴ ቦሩና እኔ ጨው ይዘን ከገበያ ገበያ እንዞር ነበር። አሬሮ አካባቢ እባብ እግሩን ነደፈው። ነገሌ ሆስፒታል እንድናደርሰው ሁሴን የሚባል የነጋዴ ልጅ በአሮጌ ፒክአፑ ጫነን። ከውጭ አገር ለዕርዳታ መጥታ በኋላ የተሸጠች መኪና ናት። ከኋላ እኛ፣ ሌሎች ተሳፋሪዎችና የጨው ጆንያው ነበርን።

የዳዋን ወንዝ ተሻግረን ዳገቱ ሲጀምር መኪናዋ ደከመች። ሁሴን ነዳጅ ቢሰጣትም ታቃስታለች እንጂ አትሄድም። የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከሥሯ ያለው ብረት ፍም መስሏል።

«ጭነቱ በዛባት» አለ ሁሴን።

ጆንያው ወረደ። ትንሽ ሄዳ ደከመች። ወንዶቹ ማንም ሳይለምናቸው ወረዱ፤ በዚያ በረሃ፣ ውኃ እንኳ ሳይዙ። «አሁን ቀለል አላት» ተባባልን። አልቀለላትም።

አንድ ሽማግሌ ቀርተው ነበር። «እኔ እንኳ አጥንት ነኝ፤ የምከብደው ለቀባሪዬ ነው» ብለው ሳቁና ወረዱ። «ቦሩ፣ በናጋ፣ በሰላም ግባ» አሉት።

ቀረሁ እኔ፣ ራሱን ጭኔ ላይ ይዤ። ሁሴን ዞር ብሎ አየኝ። ቦሩ ነው የተናገረው።

«ውረጂ። በእግርሽ ቀድመሽኝ እንዳትገቢ ብቻ!»

ወረድኩ። ዳገቱን እጁን ይዤ በጎኗ ሄድኩ፤ ከእኔ እርምጃ አትፈጥንም ነበር። ጫፍ ላይ ስንደርስ ሁሴን ከቆመች አትነሣም ብሎ አላቆማትም፤ ቁልቁለቱ ወሰዳትና እጁ ከእጄ ወጣ።

በማግስቱ ነገሌ ስገባ ሁሴን ሆስፒታሉ በር ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። ቦሩ መንገድ ላይ ነው ያለፈው፤ ብቻውን። «ከኋላ ሲያንኳኳ ፍጠን የሚለኝ መስሎኝ አልቆምኩም» አለኝ።

በሁሴን ቂም አልያዝኩም። እባቡንም ይቅር ብዬዋለሁ። ቦሩ ራሱን የሚይዝለት ሰው አጥቶ መሞቱ ግን ዛሬም ያመኛል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሁሴን ሻኪሶ ገበያ አገኘኝ። ያቺን መኪና መካኒክ ፈትቷት ኖሯል። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ላይ ጭስ የሚያጣራ፣ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሣጥን ነበራት አለኝ፤ የዚያን ጊዜ የአገራችን ቤንዚን ስለማይስማማው ይደፍነዋል። ጭሱ መውጫ አጥቶ ነው የታፈነችው። እኛ ባንወርድም፣ ባዶዋን ብትሆንም ዳገቱን የምትወጣው በዚያው አካሄድ ነበር።