ሰይድ ይዞት የነበረው ነጭ ጨርቅ

ቆቦ ዋናው መንገድ ዳር ያለችው ሻይ ቤት ውስጥ የምንገናኝ ሦስት ጡረተኛ አየር ወለዶች አለን። የጉልበት ሕመማችንን አውርተን ስንጨርስ ወደ ቀልዱ እንገባለን። ባለፈው ሰሞን አንድ የባጃጅ ሾፌር፣ «ከሰማይ ለሚዘል ሰው የብረት ቆብ ምን ይረባዋል?» ብሎ ጠየቀን። ጓደኛዬ ኮስተር ብሎ «ስንከሰከስ ለሚለቅሙን ሰዎች ጭንቅላታችን እንዳይጠፋባቸው ነዋ» አለው። ቤቱ ሳቀ። እኔ ግን ቀልዱ የማን እንደነበር ስለማውቅ ሻዩ መረረኝ።

የሰይድ ነበር። እኔ የቆቦ ክርስቲያን፣ እሱ የጎብዬ ሙስሊም፣ በአንድ መኪና ተጭነን ነው ወደ ማሠልጠኛ የሄድነው። በብረት ቆባችን ሽሮ እንሠራ ነበር፤ በማግስቱ ስናጠልቀው ግንባራችን ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ሰይድ «የሚማርከን ሰው እንጀራ ይዞ ይምጣ» ይል ነበር።

አንድ ጠዋት በረሃ ላይ ስንዘል የሰይድ ፓራሹት ገመዱ ተጠላልፎ ሳይዘረጋ ቀረ። ደረቱ ላይ የታሰረውን መጠባበቂያ ፓራሹት ሳይስበው መሬት ደረሰ። ለምን እንዳልሳበው እስከ ዛሬ አላውቅም።

አዛዣችን የነበረው ሻምበል ከነልብሱ ይቀበር አለ። ራያ ያደግሁ ነኝና ሙስሊም ያለ ከፈን እንደማይቀበር አውቃለሁ። ነጭ ጨርቅ ለመንሁ፤ የለም ተባለ። እኔና ሁለት ሙስሊም ጓዶቹ ያን ያልተከፈተ መጠባበቂያ ፈትተን ነጩን ናይሎን ቀደድንለት። እነሱ አጥበው ከፈኑት፣ ሰገዱበትም። በማግስቱ ሻምበሉ የመንግሥት ንብረት አባክናችኋል ብሎ በጠራራ ፀሐይ አንበረከከን። ዋናውን ፓራሹት ማን እንዳጠፈው ግን ማንንም አልጠየቀም። ይኼ አሁንም ያንገበግበኛል።

ፈቃድ ሳገኝ ጎብዬ ሄድሁ። ማሽላው እሸት ሆኖ መንገዱ ግራና ቀኝ አረንጓዴ ነበር። መርዶው ቀድሞኝ ደርሷል፤ እንዴት እንደሞተ ግን አልተነገራቸውም። እናቱ እማማ ዘሀራ የተጠበሰ እሸት አቀረቡልኝና ገና አንዴ ሳልቆረጥም ጠየቁኝ።

«አጥበውታል ወይ ልጄ?»

«አጥበውታል እማማ።»

«ከፈንስ አገኘ? በዚያ በረሃ ነጭ ጨርቅ ከየት ይመጣል?»

ልጃቸው ከሰማይ ሲወርድ በዓይነ ሕሊናቸው እንዲያዩት አልፈለግሁም።

«የራሱ ነው። ይዞት ነበር።»

እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «አልሀምዱሊላህ። ከፈኑን ይዞ ነው ወይ ሲዞር የነበረ? እኔ ቀልደኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሞቱን የሚያስብ ልጅ ኖሯል።» አለቀሱ፤ ፊታቸው ግን ፈታ አለ።

እሳቸውም ካረፉ ቆይተዋል። የጎብዬ ሽማግሌዎች ግን ዛሬም ወጣቱን ሲመክሩ፣ ሰይድ ገና በልጅነቱ ከፈኑን አዘጋጅቶ ይዞር እንደነበር ያነሳሉ። በቅርቡም ራሴ ሰማኋቸው። ሰይድ ሞትን የሚያስብ ልጅ አልነበረም። ተመልሶ ሊያገባ፣ ቤት ሊሠራ፣ ሊያረጅ ነበር የሚያስበው። ያን ጨርቅ ደረቱ ላይ ያሰረው ሊተርፍበት ነበር።